ዛፉ አርጅቶ ነው እንዴ?

የቻይናዋ ከተማ ዉሃን በኮሮና ምክንያት ስትዘጋ እዚያው የተማሪዎች ዶርም ውስጥ ነበርኩ። ከጃንዋሪ 23 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2020፣ 76 ቀን። ምግብ በር ላይ ይቀመጥልናል፣ ሙቀታችንን እንለካለን፣ እንተኛለን። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ማየት ሲሰለቸኝ አንድ የቻይንኛ ግጥም ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ተነሣሁ።

የመረጥኩት የከተማዋን ልጅ የገጣሚ ዘንግ ጁዎን ግጥም ነው። 12 መስመር ብቻ ናት፤ በ1970 የጻፋት። ከሜዳው ጫፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ በማይታወቅ እንግዳ ነፋስ የተወሰደ አንድ ዛፍ ቆሟል። የጫካውን ጫጫታ ከሩቅ ይሰማል። ነፋሱ ቅርጹን ገላው ላይ ትቶበታል። ሊወድቅም ይመስላል፣ ክንፉን ዘርግቶ ሊበርም።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ በእጄ ገለበጥኩ፤ ከሥራቸው ፍቺያቸውን ጻፍኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ጨረስኩ ብዬም ኮራሁ። ማታ እናቴ ዊቻት በሚባለው የቻይና መተግበሪያ ስትደውል አነበብኩላት። "የጎበጠ ገላው" የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"ዛፉ አርጅቶ ነው እንዴ?"

"አይ እማዬ፣ አላረጀም።"

"ታዲያ ምን አጎበጠው?"

መልስ አጣሁ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም፤ ያሳሳተኝ የገጣሚውን ታሪክ ቀድሜ ማንበቤ ነው። በ1955 ደራሲው ኹ ፌንግ "ፀረ አብዮት" ተብሎ ሲወነጀል፣ ወዳጆቹ አብረው ታፈሱ። ዘንግ ጁዎም ሁለት ዓመት ገደማ ታሰረ፤ ኋላም ገጠር ተላከ። ስሙ የጸዳው በ1979 ነው። ስለዚህ እኔ ዛፍ ሳይሆን የተሰበረ ሽማግሌ ነበር የታየኝ።

ያው ታሪክ ውስጥ ግን ዘልዬው ያለፍኩት ነገር ነበር። ለብቻው በታሰረበት ክፍል፣ ብዕርና ወረቀት በሌለበት፣ ይህ ሰው በቃሉ ግጥም ይገጥም ነበር። ለማን? ለልጆች! ስለ መከራው የሚያለቅስ ነበር የመሰለኝ (እኔ ብሆን አለቅስ ነበር)። እሱ ግን እዚያ ተቀምጦ ለታዳጊዎች ስንኝ ያሰናዳል፣ እንዳይረሳውም ደጋግሞ ለራሱ ይወጣዋል።

"የጎበጠ"ን ሰረዝኩ። "የተጣመመ" አልኩ፤ ስድብ ሆነብኝ። "ያዘነበለ" አልኩ፤ የድሮ አጥር መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ልብስ ሳጥብ "የተለመጠ" የሚለው ቃል መጣልኝ። ደረቅ እንጨት ይሰበራል እንጂ አይለመጥም፤ የሚለመጠው እርጥቡ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት መስመሮች ብዙ አላስቸገሩኝም። ዛሬም ስተረጉም መጀመሪያ የማነበው ቻይንኛ ለማያውቅ ሰው ነው፤ የገጣሚውን ታሪክም ከሥራው በኋላ ነው የማየው።

አዲሱን ለእናቴ አነበብኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

"እና በረረ ወይስ ወደቀ?"

"አይናገርም፤ መጨረሻው ነጠብጣብ ነው።"

"እንግዲያ ገና ቆሟል" አለችና፣ ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ።