ሪሴት ከመጫን በፊት

ባለፈው ሳምንት በጅማ–አጋሮ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ የጀንፈል ቡና መቀሸሪያ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የመቀሸሪያውን 11 ኪሎዋት ሞተር የሚነዳው ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) በየዕለቱ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ትሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ራሱን ያቆማል። ኦፕሬተሩ ጋሼ፣ «ሲያኮርፍ በዚህች እናባብለዋለን ልጄ» ብለው ሪሴቷን፣ ስህተት መሰረዣ ቁልፏን፣ አሳዩኝ። ከመነካካቷ ብዛት ጽሑፏ ጠፍቷል።

እንዳይጫኑት ለመንኳቸውና የፎልት (የብልሽት) መዝገቡን ከፈትኩ። ከድራይቩ ዋጋ ግማሹ እዚያ ያለ ይመስለኛል፤ ሲቆም ስንት አምፔር ይስብ እንደነበር፣ በስንት ኸርዝ ይሽከረከር እንደነበር፣ የውስጡ ዲሲ (ቀጥተኛ ፍሰት) ቮልቴጅ ስንት እንደነበር ይዞ ይጠብቃል። ከአንዱ በቀር ሁሉም የሙቀት ፎልት ነበር።

ብሬከሩን አጥፍቼ 10 ደቂቃ ጠበቅኩ። መብራት ቢጠፋም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) እስከ 537 ቮልት ገደማ ዲሲ ለጊዜው ይዘው ይቆያሉ፤ ስለዚህ በመልቲሜትር ሳልለካ እጄን አላስገባም። ሽፋኑን ሳነሣ የሂት ሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ክንፎች አይታዩም። የቡና ገለባ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። በቀጭን ብሩሽ ስጎትተው አንድ ወጥ ሆኖ ተላቀቀ፤ ፋኑም በእጄ ሳዞረው ይንቋቋል። ለወጥኩት።

ገለባው ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። ሞተሩ 22 አምፔር ይስባል፣ ድራይቩ ለ24 ነው። ግን ይህ 24 የተጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀነሳል፣ አየሩ እየሳሳ ማቀዝቀዝ ስለሚያቅተው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የቀረው 22.3 ያህል ነው፤ መጠባበቂያ የለውም ማለት ይቻላል። ለቀጣዩ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ እንዲገዙ ነገርኳቸው።

እዚያው እያለሁ ያየሁት ግን እስካሁን ይረብሸኛል። የማስጀመሪያው ማዞሪያ «በራ» ላይ እንዳለ አንዱ ልጅ ሪሴት ተጫነ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ከቀበቶው ሥር ገለባ የሚጠርጉት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው በጭንቅ ወጡ። በጣም ተቆጣሁ፤ አሁንም ብሆን እቆጣለሁ። ከሪሴት በፊት ማዞሪያው ይጥፋ፣ ዙሪያው ይታይ። ሴቲንጉንም አስተካክዬ፣ ማዞሪያው ጠፍቶ እንደገና ካልበራ እንዳይነሣ አድርጌዋለሁ።

ከፓነሉ በር ላይ አንድ ደብተር በሲባጎ አሰርኩ። ሪሴት ከመጫን በፊት ኮዱ፣ ሰዓቱና አምፔሩ ይጻፋል።

ትናንት ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ሙቀቱ ከተጠገነ ወዲህ አልተመለሰም። ደብተሩ ላይ ግን ሌላ ኮድ አለ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20፣ የዲሲ ቮልቴጅ ማነስ፣ «የጎረቤት ወፍጮ ሲነሣ» ብለው በእጃቸው ጨምረዋል። ቅዳሜ የመግቢያውን ኬብል ጫፎች አጠብቃለሁ፣ ወፍጮው ሲነሣም ቆሜ ቮልቴጁን እለካለሁ።