የዛምቤዚ ድልድይ በስቴኪኒ፦ አራተኛ ወር

ባለፈው ጽሑፌ «ቅስቱ (ድልድዩን ከሥር የሚሸከመው ጎባጣ ክፍል) ሊገጥም ነው» ብዬ ፎክሬ ነበር። ገጠመ፤ ግን አበሳዬን አይቻለሁ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ የምሠራው በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለውን የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ ነው። 200 ጊዜ አሳንሼ፣ በስቴኪኒ፣ በካርቶንና በኮላ። እውነተኛው 198 ሜትር ይረዝማል፣ የእኔው 99 ሳንቲ ሜትር። ከወንዙ በላይ ያለው 128 ሜትር ከፍታ እኔ ጋ 64 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገር ማስቀመጥ ካቆምን ቆየን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እውነተኛው ድልድይ ሲሠራ ሠራተኞቹ ከሁለቱም ገደል ተነስተው ነው ወደ መሃል የመጡት። እኔም እንደነሱ ልሥራ አልኩ። በ1905 መጋቢት መጨረሻ መሃል ላይ ሲደርሱ ብረቱ በፀሐይ ተለጥጦ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ተረፈ። አልገባ አለ። ትተውት አደሩ። ጠዋት ብርዱ ሲያኮማትረው ልክ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። የእኔም ሦስት ሚሊ ሜትር ተረፈ። ስቴኪኒ ግን ብርድ አይገባው፤ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። በአንድ ጎን አብዝቼ ሞርጄው ኖሮ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ጠጋ ብሎ ላላየ አይታወቅም።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ጎረቤታችን ድሬዳዋ ባቡር ድርጅት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ሊያዩልኝ መጡ። ሃዲዱን በጣታቸው ለኩና «ከኛው ትንሽ ይሰፋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የድሮው የእኛ መስመር ስፋት 1 ሜትር ነበር፣ የእነሱ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ አዩ፣ ሥራዬን አዩ።

«መኪናው በየት ይለፍ ልጄ?»

ደነገጥኩ። ሁለት ሃዲድ ዘርግቼ መንገዱን በሙሉ ሞልቼዋለሁ! ድልድዩ ሲከፈት ባለ ሁለት ሃዲድ ነበር። በ1930 ገደማ ወለሉን ከፍ አድርገው አሰፉትና ሃዲዱን አንድ አደረጉት፤ በጎኑ የመኪና መንገድ ወጣለት። ላቆምበት ያሰብኩት ጋራት የሚባለው ባቡር ደግሞ እዚያ አገር የገባው በ1926 ነው። ቦይለሩ መሃል ተንጠልጥሎ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተር የተሸከመ ረጅም የእንፋሎት ባቡር ነው፤ ኩርባ ላይ እንደ እባብ ይተጣጠፋል። ያየኋቸው የጋራት ፎቶዎች በሙሉ በአንዱ ሃዲድ ላይ ናቸው። የሁለት ሳምንት ሥራ በቢላ ላጥኩ።

ያኔ ነው «ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነኝ?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። 1973ን አሰብኩ። በጥር የሮዴዢያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) የነጮች መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝ ድንበሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ልክፈት ቢል የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ካውንዳ እምቢ አሉ፤ መዳባቸውን በዚያ መላክ ተዉ። ቻይና የምትሠራላቸው 1,860 ኪሎ ሜትር ወደ ዳሬሰላም የሚወስደው ሃዲድ ገና አላለቀም ነበር፤ ይህን እያወቁ ነው እምቢ ያሉት። ከ1978 በፊትም አልከፈቱትም። በዚያው መሃል፣ ነሐሴ 1975፣ ስሚዝና የጥቁሮቹ መሪዎች ድልድዩ መካከል በቆመ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው ተደራደሩ። አንደኛው ወገን በአንዱ አገር በኩል፣ ሌላኛው በሌላው። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ። ይህቺን ፉርጎ ለብቻዋ መሥራቴ አይቀርም።

ግን እኔ የጭነት ባቡር ነው የምፈልገው። ስለዚህ 1965 ላይ ቆምኩ። ዛምቢያ ነፃ ወጥታለች፣ ድልድዩ የሁለት አገር ሆኗል፣ የባቡር ድርጅቱ ግን እስከ 1967 የጋራ ነው። በዛሬዋ ዚምባብዌ ካለችው ከዋንኪ የድንጋይ ከሰል ወደ ሰሜን ይወጣል፣ መዳብ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ሃዲዱ ትናንት ተጠናቀቀ። አሁን ጭነት ላይ ነኝ። ለድንጋይ ከሰሉ የምድጃ ከሰል ወቅጬ በሻይ ማጥለያ ነፋሁ፤ ማጥለያው የቤት መሆኑን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ለመዳቡ የድሮ የኤሌክትሪክ ገመድ ልጬ፣ ሽቦውን በአምስት አምስት ሚሊ ሜትር እቆርጣለሁ። ሦስት ፉርጎ ሞልቷል፣ ስምንት ይቀረኛል። ገመድ ያላችሁ አትጣሉ።