ዘይት የሚጨምረው ሞተር

«ይሄ ሞተር እኮ ዘይት አይበላም፤ እንዲያውም ይጨምራል!»

ሾፌራችን ይህን ያለኝ ፊቱ በደስታ በርቶ ነው። እኔም ደስ አለኝ። ሄጄ ለአለቃችን ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ደስ አላቸው። ሞተር ዘይት እንደማያመርት ከሦስታችን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምሠራው መሬት በሚቀይስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ ስምሪት ነው። የትኛው መኪና ስንት ሰዓት ወጣ፣ የት ዋለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ስንት ሊትር ቀዳ፤ ይህን ሁሉ በየቀኑ በፎርም እሞላለሁ። አንደኛዋ የመስክ መኪናችን ሻንሲዋ ተሰንጥቆ ከአገልግሎት ስትወጣ በምትኳ ያገለገለች እንድንገዛ ተፈቀደልን። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው እኔ፣ ከፋይናንስ ክፍል አንዲት እህታችን እና መካኒካችን ጋሼ ነበርን።

ሁለት መኪኖች ቀረቡልን። ሁለቱም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ሁለቱም ናፍጣ። አንደኛዋን «አሮጊቷ» ሌላኛዋን «ወጣቷ» አልናቸው።

አሮጊቷ ቱርቦ የላትም። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓዋ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሳቱ እዚያ ይነሳና ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። የዚህ አሠራር ዝነኛው የቶዮታው 1ኤችዜድ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ። የኛዋ ከዚያ ቤት አይደለችም፣ ጠባይዋ ግን ያው ነው። ቆጣሪዋ 310 ሺህ ይላል። ጠዋት ስትነሳ ታጨሳለች። ዳገት ላይ ከኋላዋ የተሰለፈ ሰው ይራገማል።

ወጣቷ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ከሦስት ሊትር ያነሰ ሞተር፣ ቱርቦ፣ ኮመን ሬል የሚባለው አዲሱ የናፍጣ አረጫጨት፣ በጭስ ማውጫዋ ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ። ቆጣሪዋ 90 ሺህ። ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ጉልበቷ የአሮጊቷ እጥፍ ሊባል የሚችል። ኮምፒውተር ሰካንባት። አንድም የብልሽት ኮድ አልነበራትም።

እኔ ወዲያው ተሸነፍኩ። ማን ነው የማይሸነፍ? ለኮሚቴው ሁለት ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። የናፍጣ ፍጆታ፣ ጉልበት፣ ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜ። በሁሉም ወጣቷ በለጠች።

ጋሼ ጽሑፌን አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ይቺ መኪና ቆማ ነው የምትሠራው ወይስ እየሄደች?»

«ጋሼ ደግሞ! መኪና ሥራው መሄድ አይደል እንዴ?» አልኩና ሳቅሁ። የፋይናንሷ እህታችንም ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም፣ ግን አልተከራከሩም። ሲከራከሩ አይቻቸው አላውቅም። ፈረሙ፣ ወጣቷ ተገዛች።

የሁለቱን ሞተሮች ልዩነት ያኔ የማውቀው በወሬ ነበር፤ በኋላ በግድ ተማርኩት። በአሮጌው አሠራር ፖምፓው ናፍጣውን የሚገፋው ኢኜቶሩ (ናፍጣውን የሚረጨው አፍ) እስኪከፈት ነው፤ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ባር ገደማ ግፊት ይበቃዋል። ኮመን ሬል ግን ናፍጣውን በአንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ እስከ 2,000 ባር ጠቅጥቆ ያቆየዋል፤ ዛሬ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። የመኪናችን ጎማ ውስጥ ያለው ከሁለት እስከ ሦስት ባር ቢሆን ነው። ይህን ጫና የሚሸከሙት ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ክፍተት በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ነው፤ የራስ ጸጉር ውፍረት ሰባ ማይክሮን አካባቢ ነው። እንግዲህ እዚያ ውስጥ ውኃ ወይም አቧራ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር መገመት ነው። አሮጌው ፖምፓም ውኃ አይወድም፣ ግን ብዙ ይታገሳል።

ኮመን ሬል ለቤት መኪና አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ተገጥሞ ወጥቷል። እንዲያውም ኮመን ሬል ያላቸው የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አሁን ራሳቸው አሮጌ ናቸው። ስለዚህ «አዲስ ሞተር ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ አይታመንም» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ ትንሽ ያናድዱኛል። ችግሩ እሱ አይደለም።

የኛ ችግር ማጣሪያው ላይ ነበር። ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ማጣሪያው ጥቀርሻውን ይይዛል። ሲሞላ የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱ ሊያቃጥለው ይነሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እሳት ካለፈ በኋላ ትንሽ ናፍጣ ዘግይቶ ይረጫል፤ ያ ናፍጣ ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ይቃጠልና ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። ጥቀርሻው ተቃጥሎ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ትንሽ አመድ ብቻ ይቀራል። መኪናዋ መንገድ ላይ እየሮጠች ከሆነ ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ ሾፌሩም ልብ አይለውም። ናፍጣውም ንጹሕ መሆን አለበት። አውሮፓ በናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደውን ሰልፈር እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 350፣ በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ያወረደችው አንድም ለእንደነዚህ ዓይነት ማጣሪያዎች ብላ ነው።

አሁን የኛን ውሎ ተመልከቱ። ወጣቷ ጠዋት 19 ኪሎ ሜትር ትነዳና ሳይት ትደርሳለች። እዚያ ትቆማለች። ሞተሯ ግን አይጠፋም፤ የድሮኖቹና የመቀየሻ መሣሪያዎቹ ባትሪ ከሷ ነው ቻርጅ የሚደረገው፣ ውስጧ የተቀመጠው ላፕቶፕም ሙቀት አይወድም፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በሚኒሞ፣ ማለትም ቆማ በዝቅተኛ ዙር፣ ስትንተከተክ ትውላለች። ማታ 19 ኪሎ ሜትር ተነድታ ትመለሳለች።

በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ጥቀርሻው ይጠራቀማል እንጂ አይቃጠልም። ኮምፒውተሩ በየጊዜው ሊያቃጥል ይሞክራል። ያኔ የሞተሩ ዙር በራሱ ከፍ ይላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከሥር የጋለ ብረት ይሸታል። ሾፌራችን ጠንቃቃ ሰው ነው። መኪናዋ የቆመችው ደረቅ ሳር ላይ ነው። ሽታው ሲመጣ ምን ያደርጋል? ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩን ያጠፋል። ትንሽ «ያሳርፋትና» እንደገና ያስነሳታል። በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ።

በእያንዳንዱ የተቋረጠ ሙከራ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ፣ ፋሻዎቹን (የፒስቶን ቀለበቶቹን) አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት የሚጨምረው ሞተር ምስጢሩ ይኸው ነው።

ወሬው ጋሼ ጆሮ የደረሰው በአጋጣሚ ነው። ሻይ እየጠጣን ሾፌሩ ያቺን የደስታ ዓረፍተ ነገር ደገማት። ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ምንም ሳይናገሩ ወደ ግቢው ወጡ። ተከተልናቸው። ኮፈኑን ከፈቱ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። አሸተቱት። ወደ እኔ አስጠጉትና «አሽት» አሉኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ከዚያ በእጄ ከያዝኩት የስምሪት ፎርም አንዱን ነጥቀው ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረጉ። ኮፈኑ ጫፍ ላይ አስቀምጠውት ጠበቅን። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ቀረ። በዙሪያው ግን ፈዛዛ፣ ቅባታማ ቀለበት እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ።

«ቀለበቷ ናፍጣው ናት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነሳ።»

አለቃችን ነገሩን ማጋነን መሰላቸው። ጋሼ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዷቸው። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። መጠኑ ከዚህ ካለፈ ደግሞ ሞተሩ የራሱን ዘይት ስቦ ማቃጠል ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ቁልፍ ብታጠፋም አይጠፋም። አለቃችን ዝም አሉ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወረደ። የቢዬላዎቹ ብሮንዚናዎች (የፒስቶን ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ስስ ማቀፊያዎች) ሲወጡ የላይኛው ሽፋናቸው ተበልቶ ከሥሩ መዳብ ቀለም ያለው ብረት ብቅ ብሏል። ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አብሮ ይሄድ ነበር።

እኔን ያሳፈረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጋሼ ያን ጠብታ ያለበትን ወረቀት ገለበጡት። የራሴ ፎርም ነው፣ በራሴ እጅ የተሞላ። «ያነዳችው ኪሎ ሜትር፦ 38። ሞተር የሠራበት ሰዓት፦ 7።» ይህን ለስምንት ወር ስሞላ ኖሬያለሁ። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በ160 የሥራ ቀን ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰዓቱ ግን ከአንድ ሺህ በላይ። መኪና በሰዓት በአማካይ 45 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ይህ የ50 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሥራ ነው። እኛ ደግሞ ዘይት ለመቀየር ቆጣሪው 10 ሺህ እስኪሞላ እየጠበቅን ነበር!

ስንገዛትም ያው ስሕተት ነው። ኮምፒውተር ሰክቼ «ኮድ የለም» ብዬ ነቀልኩት። ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ ማጣሪያዋ ለመጨረሻ ጊዜ ከተቃጠለ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነው፣ ኮምፒውተሩ የየኢኜቶሩን ናፍጣ ምን ያህል እየጨመረና እየቀነሰ እንደሚያስተካክል፤ ይህን ሁሉ የማየት ዕድሉ ነበረኝ። አልጠየቅሁም። የአዲስ ሞተር ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ይኸው ነበር። የአሮጊቷን ታሪክ ከጭሷና ከድምጿ ካልሆነ ከየት ታገኘዋለህ?

ወጣቷ ተጠገነች። ብሮንዚና ተቀየረላት፣ ማጣሪያዋ ወርዶ ታጠበ፣ ማጣሪያ ላለው መኪና የሚሆን አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ተሞላላት። ከዚያ ረጅም መንገድ ላይ መደብናት። እዚያ ንግሥት ናት። አንድም መብራት አብርታ አታውቅም፣ ናፍጣ ትቆጥባለች፣ ሾፌሮቹ ይሻሙባታል።

ለሳይት አሮጊቷን ገዛን፤ ሌላ ገዢ አላገኘችም ነበር። ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ብትውል ማጣሪያ የላት፣ ዘግይቶ የሚረጭ ናፍጣ የላት። ዘይቷን አሁን የምንቀይረው በሰዓት ነው። አትሳሳቱ፣ ችግር አላት። ቴስታታዋ ሙቀት አይችልም፤ ከነዚያ ትንንሽ ክፍሎች የሚወጣው እሳት ራሱን ቴስታታውን ያግላል፣ ውኃ ከጎደለባት ትሰነጠቃለች። የሚያስጠነቅቅ ኮምፒውተር ደግሞ የለም፤ ያለው አንድ መርፌ ነው፣ መርፌዋን የሚያይ ሾፌር ያስፈልጋል። ናፍጣም ትጠጣለች። የፋይናንሷ እህታችን በየወሩ መጨረሻ ታስታውሰኛለች።

ባለፈው ደግሞ ሳይት ላይ በድንገት ጠፋች። ሾፌሩ ጋሼ ጋ ደወለ። ጋሼ በስልክ ጥቂት ጠየቁት፤ ሞተሪኖው ያዞራል ወይ፣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ ስትጫነው ይጠነክራል ወይ። ሁሉም ደህና ነው። «እንግዲያው ናፍጣ የምትዘጋው ናት» አሉ። ፖምፓው ላይ አንዲት ሽቦ ብቻ የምትገባባት ክፍል አለች። ቁልፍ ሲከፈት በኤሌክትሪክ ትሳብና ናፍጣውን ታሳልፋለች፣ ቁልፍ ሲዘጋ ስፕሪንጓ መልሶ ይዘጋታል። መጠምጠሚያዋ ተቃጥሏል። ጋሼ እንዲፈታት፣ ከውስጧ ትንሿን ብረት ከነስፕሪንጓ እንዲያወጣና ባዶዋን መልሶ እንዲያስራት ነገሩት። አሰራት። በእጅ ፖምፑ አየሩን አስወጣ። በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

የረሱት ነገር ቢኖር፣ ወይም ሆን ብለው ያልነገሩት፣ ከዚያ በኋላ በቁልፍ አትጠፋም። ማታ ግቢ ገብታ ሾፌሩ ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ ቀጠለ። ቁልፉን እንደገና ሰክቶ ነቀለ። ቀጠለ። አለቃችን በመስኮት ብቅ አሉ፤ የወጣቷን ታሪክ ያልረሱት አለቃችን።

«ምን ሆነች? ዘይት መጠጣት ጀመረች እንዴ?»

ጋሼ ከጋራዡ እየሳቁ ወጡ። «አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ» አሉት። ለቀቀ። አሮጊቷ አንዴ ዘለል አለች፣ አንድ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጸጥ አለች። ጋሼ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው፣

«ለዛሬ ደክሟት ነው» አሉ።