ያልጨረስኩትን ትምህርት ሲቪ ላይ እንዴት ልጻፈው?

ሰሞኑን ሥራ እያመለከትኩ ነው። ሲቪዬ ላይ ሁሌም የሚያስቸግረኝ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አካውንቲንግ ተምሬያለሁ፤ ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋረጥኩ። የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ እሱን እዚህ አላወራውም።

ጓደኛዬ መላ አምጥታልኛለች። «ዓመቱንና የትምህርት ክፍሉን ጻፊና ዝም በዪ። ተመርቄያለሁ አላልሽ!»

እውነቷን ነው፣ አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ችግሩ ግን መላው የሚሠራው አንባቢው ከተሳሳተ ብቻ ነው። ቀጣሪው በትክክል ከተረዳው ምንም አይጠቅመኝም። እንዲሳሳት አስቤ ከጻፍኩት ደግሞ ውሸቱን እሱ እንዲጨርሰው ሰጠሁት ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «መቼ ተመረቅሽ?» ቢለኝስ? ያኔ ወይ እዚያው አፍሬ አርማለሁ፣ ወይ ዓይኔን አፍጥጬ እዋሻለሁ።

እንዲህ ሳስብ ማሪሊ ጆንስ ትዝ ትለኛለች። አሜሪካ ውስጥ የታወቀው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1979 በዝቅተኛ መደብ ስትቀጠር የሌላትን ዲግሪ አለኝ ብላ ሞላች። ቀስ በቀስ አድጋ የሌሎችን ማመልከቻ የምትመዝን ሰው ሆነች። በ2007 ተደረሰባትና ለቀቀች፤ ከ28 ዓመት በኋላ! ባወጣችው መግለጫ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለማረም ድፍረት እንዳጣች ተናግራለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። በወቅቱ ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች አንዱ እንደተናገረው፣ ያ የመጀመሪያ ሥራዋ ዲግሪ የሚጠይቅ እንኳን አልነበረም ይሆናል።

ስኮት ቶምፕሰንም አለ። የኦንላይን ክፍያ ኩባንያውን ፔይፓልን የመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተርኔት ኩባንያው የያሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነ ሰው ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለው (እኔ የጎደለኝን ማለት ነው)። የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን ኮምፒውተር ሳይንስም ተጨምሮ ተገኘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከያሁ ለቀቀ። ያ ሁሉ ልምድ እያለው ጭማሪው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ቀጣሪዎችም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ፋይል ለማደራጀትና ስልክ ለማንሳት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ስንቴ አይቻለሁ። ሥራውን በደንብ የሚችል ሰው ገና በር ላይ ይመለሳል። ያናድዳል፣ መናደድም ተገቢ ነው። ቅጹ ግርጌ ላይ ግን «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ማጣራት ደግሞ ከባድ አይደለም። ለሬጅስትራር አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይበቃል። ዓመታት ቆይቶ ከተገኘ በሥራ ጎበዝ መሆን ላያድን ይችላል፤ ቀጣሪው የሚያየው ፊርማውን ነው።

እናም እንዲህ ጻፍኩት፦ «አካውንቲንግ፣ ሁለት ዓመት የተማርኩ፤ ዲግሪው አልተጠናቀቀም።» ከሥሩ የወሰድኳቸውን ኮርሶች ዘረዘርኩ፤ ኮስት አካውንቲንግን ለምን እደብቃለሁ? ለፍቼበታለሁ።

ኦንላይን የሚሞላው ቅጽ ግን ሌላ ጣጣ ነው። «ያጠናቀቁት ከፍተኛ ደረጃ» ይልና ምርጫ ይደረድራል። «ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን መረጥኩ። ያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ጊዜ እንዳልነበረ ሲሆን ያማል፣ አልዋሽም። ጉዳዩን ማመልከቻ ደብዳቤው ውስጥ በሁለት መስመር አስረዳሁ።

ጓደኛዬ አየችውና «እንዲህ ከሆነ አይጠሩሽም» አለች። አንዳንዶቹ እንደማይጠሩኝ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም የሥራ ልምዴን ከትምህርቱ በላይ አወጣሁት። የደመወዝ መክፈያ ሠርቻለሁ፣ ሒሳብ ዘግቻለሁ። የቀድሞ አለቃዬንም አስፈቅጄ ስልኳን ከታች አስቀምጫለሁ፤ የፈለገ ደውሎ ይጠይቃት።