ባትሪዋ የሞተባትን ሳተላይት ከድሬ ጣሪያ ላይ ስጠብቅ

«ዲሹ ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ አከራዬ እትዬ። ከምሽቱ 3፡40 ነው። ጣሪያቸው ላይ ወጥቼ፣ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የታሰረ የአናጺ ሜትር ይዤ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

«አይ እትዬ፣ ሳተላይት እየጠበቅኩ ነው።»

«አቦ! ዲሽስ ያው እሱ አይደል?» ብለውኝ ገቡ።

ሳተላይቷ ግን አልመጣችም።

የምጠብቃት አምሳት-ኦስካር 7 ትባላለች፤ ባጭሩ ኤኦ-7። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም በሬዲዮ መገናኘትን የትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው ያደረጉ፣ ሠርተው ያስመጠቋት ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ከዙፋን ከወረዱ ገና ሁለት ወር ማለፉ ነበር። በ1973 ባትሪዋ ሾርት አደረገና ዝም አለች። ሞታለች ተብላ ተተወች። ከዚያ ሰኔ 14 ቀን 1994 ፓት ጋወን የሚባል እንግሊዛዊ አማተር የሞርስ ድምጿን (በነጥብና በሰረዝ የሚላከውን) ድንገት ሰማው። ሾርት ያደረገው ባትሪ እስከዚያ ድረስ ከፀሐይ ፓነሎቿ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ይውጥባት ነበር። በስንት ዓመቱ ያ ሾርት ራሱ ተበጠሰና ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ለሬዲዮዋ ደረሰ። አሁን ፀሐይ ካየች ታወራለች፤ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ቀጥ ትላለች።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያ በ03፡40 ታልፋለች ብሎኛል። እኔም እንደ ሐበሻ ምሽት 3፡40 ወጣሁ። ለካ ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው! ያ ማለት ለእኛ ከጠዋቱ 12፡40 ነው፤ እኔ ተኝቼ ሳለሁ አልፋ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀሁ። ከዩቲሲው ላይ 3 እቀንሳለሁ፤ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 እቀንስለታለሁ፣ ከ1 ካነሰ ደግሞ 12 እጨምርለታለሁ። የሐበሻ ሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አርቲኤል-ኤስዲአር የምትባለው፣ ፍላሽ የምታክል የሬዲዮ መቀበያ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፤ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ እንደ መስመር ይታያል። አንቴናውን ራሴ ሠራሁት። የብረት ሜትሩን ታይዋን ገበያ ገዛሁ፣ ቆራርጬ ቱቦው ላይ በሦስት ረድፍ አሰርኩት። ሽቦው የሚበየድበትን ቦታ ቀለሙን ሳልፍቅ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩትና ሰውየው ሳቀብኝ። ቀለም ላይ ብየዳ አይዝም። የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ግን ኬብሉ ነው። የተረፈ የዲሽ ኬብል አገኘሁ ብዬ 20 ሜትሩን እንዳለ ዘረጋሁት። ምልክቱ መንገድ ላይ ደከመ። ቆርጬ 3 ሜትር ሳደርገውና ላፕቶፑን ይዤ ራሴ ጣሪያ ላይ ስወጣ ነገሩ ተለወጠ።

ቦታም መምረጥ አለ። ድሬ ላይ በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ይጋርዳል፤ ከዚያ በኩል ዝቅ ብላ ስትመጣ ተስፋ የለም። በሽንሌ በኩል ግን ሜዳ ነው፤ ከአድማስ ጀምሮ ትያዛለች።

የሰማኋት መብራት የጠፋ ዕለት ጠዋት ነው። ሌላ ቀን የሰፈሩ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ስክሪኔን በጫጫታ ይሞሉታል። ያን ዕለት ሰፈሩ ጸጥ፣ ስክሪኔም ጸጥ አለ። 145.977 ሜጋኸርዝ አካባቢ አንዲት ቀጭን መስመር ታየችኝ። እሷ መሆኗን ያወቅኩት በማዘንበሏ ነው። የሰፈር ጫጫታ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል። እሷ ግን ስትመጣ ወደ 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ከፍ ትላለች፣ ስትሄድ በዚያው ልክ ዝቅ ትላለች፤ ዶፕለር የሚሉት ነው፣ የሚቀርብ ድምፅ እንደሚቀጥነው፣ የሚርቅ እንደሚወፍረው። ከዚያ ድምጿ መጣ፦ አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፤ አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ። በሞርስ «ሃይ ሃይ» ማለት ነው፤ የሬዲዮ ሰዎች ሳቅም እንዲሁ ነው። ቀጥሎ ቁጥሮች። መሀል ላይ ትደክማለች፤ አንቴናውን በእጄ ጠምዘዝ ሳደርገው ትመለሳለች። ላቤ እየተንጠባጠበ ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ዝም። በሦስተኛውም ቀን ዝም። አንቴናውን ሁለት ጊዜ ፈታትቼ መልሼ ገጠምኩት፤ ምንም አልሆነም ነበር። አንዱን ቀን ጥላ ውስጥ ነበረች። በሌላው ቀን ፀሐይ ላይ ብትሆንም ሌላኛው ሞድ (የአሠራር ዓይነት) ላይ ነበረች። ሁለት ሞድ አላት፤ ኤ እና ቢ። ሞድ ኤ ላይ ስትሆን ቢከኗ፣ ያ የሞርስ ምልክቷ፣ የሚሰማው በ29.502 ሜጋኸርዝ ነው፤ እኔ የምጠብቃት ሌላ በር ላይ ነው። ሙሉ ፀሐይ የምታገኝበት ወቅት ላይ በየ24 ሰዓቱ ትቀያይራለች፤ ከጥላ ስትወጣ ግን በየትኛው እንደምትነሳ መገመት ያስቸግራል።

አሁን ደብተሬ ላይ «ተሰማች»፣ «አልተሰማችም» ብቻ አይደለም የምጽፈው። ፀሐይ ላይ ነበረች ወይ? መብራት ነበረ ወይ? ምህዋሯን የሚያሰላውን መረጃ መቼ አደስኩት? ይህን ሳላይ መፍቻ አላነሳም። ዝም ያለችባቸውን ቀናትም እጽፋለሁ፤ ሞድ ኤ ላይ መሆኗን የጠረጠርኩት ከእነሱ ነው።

ለ29.502 የሚሆን አንቴና 4.8 ሜትር ገደማ ሽቦ ይፈልጋል። የእትዬን የልብስ ማስጫ ሽቦ ለካሁት፤ ልክ ነው። ገና አልፈቀዱልኝም።