ስልክን ከቴሌቪዥን በገመድ ለማገናኘት

ባሕር ዳር ገበያ ወጥተው ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ (የአዳዲስ ቴሌቪዥኖች የምስልና የድምፅ ቀዳዳ) የሚያገናኝ ገመድ ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ይለዩ። ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ያለው ስልክ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ «ዲስፕሌይፖርት» የሚባለውን አሠራር መደገፍ አለበት። አይፎን 15ና የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8 ይደግፋሉ። ርካሾቹ ስልኮች በአብዛኛው አይደግፉም፤ ገመድ ቢቀያይሩም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ያሳይዎት።

ቴሌቪዥኑ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ብቻ ያለው የድሮ ከሆነስ? ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ (ወደ እነዚህ ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳዎች) የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውም መልኩ ያው ነው፣ ግን በተቃራኒው አይሠራም። ጽሑፉን አንብበው ይግዙ። ሳጥኑ 5 ቮልት ስለሚፈልግ ከስልክ ቻርጀር ይስጡት፤ ያለዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ በሪሞቱ «ሶርስ» የሚለውን ተጭነው የሰኩበትን ቀዳዳ ይምረጡ።