በቆሎው ሳይነሳ ቦሎቄ መዝራት

በሀላባና በወላይታ በቆሎ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። ሚያዝያ 10 አካባቢ የገባ ቢኤች 540 የተባለ የበቆሎ ዝርያ 145 ቀን ያህል ስለሚፈልግ የሚደርሰው ጳጉሜን ላይ ነው። በቆሎውን አንስቶና አርሶ መስከረም አጋማሽ ላይ ቦሎቄ የሚዘራ ሰው፣ ሰብሉ አበባ በያዘበት ሰዓት ዝናቡ ይቆምበታል። ስለዚህ እኔ ቦሎቄውን የምዘራው በቆሎው ገና ቆሞ ሳለ፣ ከሐምሌ 10 እስከ ሐምሌ 20 ባለው ጊዜ፣ በመስመሮቹ መሀል ነው። ሐዋሳ ዱሜ የተባለው ቀይ ቦሎቄ 90 ቀን ገደማ ስለሚበቃው ጥቅምት 10 አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱ ሰብሎች አብረው የሚቆዩት 50 ቀን ያህል ነው፤ ያተረፍኩትም ሆነ የከሰርኩት በእነዚህ ቀናት አያያዝ ነው።

መሠረቱ የሚጣለው በሚያዝያ ነው። በቆሎው በብተና ከተዘራ በኋላ ገብቶ መኮትኮት ስለማይቻል በገመድ ለክቼ በመስመር እዘራለሁ፤ በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 6 ኪሎ ተኩል ያህል ዘርና 25 ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ይገባል። ዩሪያውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሽልሻሎው፣ ማለትም በመስመሮቹ መሀል በበሬ ከሚደረገው እርሻ ጋር እሰጣለሁ።

ቦሎቄውን መቼ ላስገባ የሚለውን የሚወስንልኝ በቆሎው እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም። ጺሙ ደርቆ ሲጠቁር ከማሳው መሀል አምስት ስድስት እሸት ገለጥ አድርጌ ፍሬውን በጥፍሬ እጫነዋለሁ። ነጭ ወተት ፊጭ ካለ ገና ነው። እንደ ሊጥ ወፈር ብሎ ጥፍር ላይ ከቀረ፣ ማለትም እሸቱ ለጥብስ መጠንከር ሲጀምር፣ ጊዜው ደርሷል። ከዚህ ቀድሞ የተዘራ ቦሎቄ በጥላ ውስጥ ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ቅጠሉም ይበሰብሳል። ሁለት ሳምንት የዘገየው ደግሞ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል። ከሁለቱ የባሰው መዘግየቱ ነው፤ ጥላን ቅጠል በመቀነስ ማቃለል ይቻላል፣ የቆመ ዝናብ ግን አይመለስም።

ቅጠል የምቀንሰው ከእሸቱ በታች ያለውን ብቻ ነው። የእሸቱን ፍሬ የሚሞሉት በተለይ አጠገቡና ከላዩ ያሉት ቅጠሎች ስለሆኑ እነሱን አልነካም። የታችኞቹ መቢጨት ስለሚጀምሩ መቆረጣቸው ብዙም አይጎዳም፣ ለከብትም የክረምት መኖ ይሆናሉ። ከብት እንዲጠግብ ብሎ ቅጠሉን እስከ ጫፍ የሚገፍ ሰው ከበቆሎው ምርት ላይ እየቀነሰ ነው።

ቅጠሉ በተነሳ በማግስቱ መሀሉን በስሱ እኮተኩታለሁ። ጠልቆ መኮትኮት የበቆሎውን ሥር ይቆርጣል፣ አገዳውም በነፋስ ይወድቃል። ይህ ሥራ የመጨረሻው አረም ጭምር ስለሆነ ለቦሎቄው ብቻ የሚወጣ ጉልበት አይደለም። ከዚያ በእያንዳንዱ መሀል ሁለት መስመር አወጣለሁ፤ ከበቆሎው 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል 25፣ ከወዲያኛው በቆሎ 25። ዘሩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይገባል። ለጥማዱ 17 ወይም 18 ኪሎ ይበቃል። ዝርያው ቁጥቋጦ መሆን አለበት፤ ሐረግ የሚጥለው ዓይነት አገዳው ላይ ተጠምጥሞ በቆሎውን ይጥለዋል።

ቦሎቄ ዩሪያ አልሰጠውም። ናይትሮጅን በብዛት ያገኘ ቦሎቄ ከአየር የሚይዝለትን ባክቴሪያ ማስጠጋት ይተዋል። ዘሩን በባክቴሪያው የማሸው ከሆነ በጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ከመታው ይሞታል፣ በፈንገስ ኬሚካል የታከመ ዘር ላይም አይያዝም። አበባ ሲያወጣ አንድ ሁለት ተክል በዶማ ቆፍሬ አወጣለሁ፤ ከተጎተተ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥር እባጮች አፈር ውስጥ ይቀራሉ። እባጩን በጥፍር ሰንጥቄ ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ሆኖ ካገኘሁት እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም፤ በአሲዳማ አፈር ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ቦሎቄ ግን ከጥራጥሬዎች መካከል ናይትሮጅን በመያዝ ደካማ ከሚባሉት ነው። በዚያ ላይ የያዘውን አብዛኛውን ፍሬው ይዞት ይሄዳል። «ቦሎቄ ስለዘራሁ ዘንድሮ ዩሪያ ይቅር» የሚል ገበሬ በቆሎው ይቢጭበታል። አፈሩ የሚጠቀመው በሌላ መንገድ ነው፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መሬቱ ተሸፍኖ ይቆያል፣ ጎርፍ አይጠርገውም፣ አረሙም ይታፈናል። ይህ ጥቅም እንዲቀር ካልተፈለገ ቦሎቄውን ነቅሎ ማጨድ መተው አለበት። እኔ ከመሬቱ ሥር በማጭድ እቆርጣለሁ፣ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል። ገለባው ለከብት ቢሄድም ፍጉን መልሼ ማሳው ላይ እበትናለሁ።

ቡቃያው ሳለ የሚያጠቃው የቦሎቄ ዝንብ ነው፤ ትሏ ከአፈሩ ጋ ያለውን ግንድ ትቦረቡራለች፣ ግንዱ ያብጥና ይሰነጠቃል፣ ተክሉም ቢጫ ይሆናል። በጊዜ ሲታይ አፈር ማስታቀፍ ይጠቅማል፣ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣል። ቅጠሉ ረጥቦ ሳለ ግን ማሳው ውስጥ አልገባም፤ የባክቴሪያ ምች ከተክል ወደ ተክል በልብስና በእጅ ይዛመታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ችግር ከብት ነው። በቆሎ ሲነሳ ማሳው ለግጦሽ ክፍት ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ቦሎቄው ግን ያኔ ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ እሸቱን ብቻ እለቅምና በዳር ያሉትን ሁለት መስመሮች አገዳ ሳልቆርጥ እንደ አጥር አቆያቸዋለሁ። ጎረቤቶቼንም የማነጋግረው በቆሎው ከመለቀሙ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው።

ወጪውን ስቆጥር የበቆሎውን ለብቻው አደርጋለሁ። ለቦሎቄው የሚጨመረው ዘሩ፣ የአዘራሩና የአጨዳው ጉልበት ብቻ ነው፤ እርሻ የለውም። ከጥማዱ ከሁለት እስከ ሦስት ኩንታል ይገኛል፣ ኪሎውም ከበቆሎ የተሻለ ዋጋ አለው። ለእኔ ከዋጋው በላይ የሚጠቅመኝ ግን ጊዜው ነው፤ በጥቅምት የቦሎቄ ገንዘብ እጄ ላይ ካለ፣ ሁሉም ሰው በቆሎውን ገበያ ሲያወርድ እኔ በርካሽ ለመሸጥ አልገደድም። ለዘር የማስቀረውን ቦሎቄ በጥርስ ስነክሰው የሚሰበር እስኪሆን አደርቅና በሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢት አየሩን አስወጥቼ አፉን አጥብቄ አስራለሁ፤ አየር ካላገኘ ነቀዙ ውስጡ ይሞታል።